አምስት ቀን ለሌለች ከተማ፦ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ

ቅዳሜ፣ ኮምቦልቻ

የሌለችን ከተማ ካርታ የሚሠራ ሰው ሥራው የሚበላሽበት ከመንገድ ስለሚጀምር ነው። ማስመሪያ ያነሳል፣ ሁለት ሰፋፊ ጎዳናዎች ያሰምራል፣ መሐላቸው ላይ አደባባይ ያስቀምጣል። ከሦስት ሰዓት በኋላ ወረቀቱ የዳማ ሰሌዳ ይሆናል። መስመሮቹ ቢያምሩም ማንም ሰው ይኖርባታል ብሎ አያምንም። መንገድ ከወንዝና ከገደል ጋር ሲከራከር ኖሮ የተረፈ ነገር ነው፤ ክርክሩ ካልታየ ከተማዋም አትታይም።

ይህን በአምስት ቀን ለመማር ከኮምቦልቻና ደሴ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይቸግራል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳ ላይ ሦስት አገር አቋራጭ መንገዶች የሚገናኙባት ናት። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ በጦሳ ተራራና በአዝዋ ገደል መካከል ተዘርግታለች። በመካከላቸው ያለው አስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ወፍ ግን ከ15 ባነሰ ትደርሳለች። የተረፈው ሁሉ ጠመዝማዛ ነው።

ለጉዞው የሚያዘው ብዙ አይደለም፦ ስድስት ኤ3 ወረቀት፣ አሥር ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ወረቀት፣ ሁለት 2ኤች እና አንድ ኤችቢ እርሳስ፣ የ0.2፣ የ0.3 እና የ0.5 ሚሊ ሜትር ጥቁር ብዕር፣ የ30 ሴንቲ ሜትር ማስመሪያ፣ ሁለቱም ጫፉ ሹል የሆነ ኮምፓስ፣ ወረቀት የሚይዝ ጠንካራ ሰሌዳ። የ1፡50,000 የመሬት አቀማመጥ ካርታ ቅጂ ያለው ሰው አምስት እጥፍ ያስተልቀው፤ ያኔ 1፡10,000 ይሆንለታል። ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አንዴ አምስት እጥፍ ስለማያወጣ መጀመሪያ በ200 ከመቶ፣ ከዚያ በ250 ከመቶ ማንሳት ነው። በዚህ መንገድ የ0.2 ሚሊ ሜትር መስመር 1 ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወፍራል። ሲገለበጥ የመስመሩን ጠርዝ ሳይሆን ወገቡን መከተል ያስፈልጋል፤ ጠርዙን የተከተለ በየቦታው አምስት አምስት ሜትር ይስታል።

በ1፡10,000 አንድ ሴንቲ ሜትር መቶ ሜትር ነው። አንድ ኤ3 ወረቀት 4.2 ኪሎ ሜትር በ3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይይዛል። የምንሠራት ከተማ ስሟ ጉም በር ይሁን፤ ታችና ላይ ያላት።

ኮምቦልቻ ላይ መጀመሪያ የሚሳለው ውሃው ነው። ቦርከና ከደሴ በኩል ወርዶ በከተማዋ ያልፋል፤ እንደ ለዮሌና ወርቃ ያሉ ትንንሽ ወንዞችም ይገቡበታል። በታች ጉም በር ወረቀት ላይም አንድ ዋና ወንዝና ሁለት ገባሮች ይሳሉ፤ በዋናው ግራና ቀኝ ደግሞ 5 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 50 ሜትር፣ ነጭ ሆኖ ይቀር። በክረምት ወንዙ ያንን ያስመልሳል። ድልድይ ውድ ነገር ስለሆነ ሁለት ብቻ ይፈቀድ። ድልድዩ ሁለት ሲሆን መንገዶቹ በራሳቸው ወደ ድልድዮቹ ማዘንበል ይጀምራሉ፣ መገናኛዎቹም ቀጥ ያለ መስቀል መሆናቸው ቀርቶ ዋይ ቅርጽ ይይዛሉ። ኮምቦልቻ ላይ የአዲስ አበባው፣ የደሴውና የባቲው መንገድ ሲገናኙ የሚታየው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ነገር ከባድ መኪና ነው። በባቲ ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ የወደብ መንገድ ስለሆነ ተሳቢዎች ያድሩበታል። በሐሳብ ከተማ ካርታ ላይ የከባድ መኪና ማቆሚያን ከሕዝብ መናኸሪያ ጋር ያጣበቀ ሰው ታክሲዎቹን ገድሏል። ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ፣ መናኸሪያው ወደ ገበያው፣ የጭነቱ ወደ መውጫው። ፋብሪካዎቹ ወንዙ ከተማዋን ካለፈ በኋላ ይቀመጡ።

አውሮፕላን ማረፊያ ለሚፈልግ፦ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ማኮብኮቢያ 25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከወረቀቱ ግማሽ በላይ ይበላል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ማኮብኮቢያው ይረዝማል እንጂ አያጥርም። ደሴ የራሷ ስለሌላት የኮምቦልቻውን ትጠቀማለች። ጉም በርም እንደዚያው ታድርግ፤ ማረፊያው ታች፣ ተጓዡ ላይ። ያ ብቻውን አንድ የአውቶቡስ መስመር ይወልዳል።

እሑድ፣ በሐረጎ በኩል ወደ ደሴ

ከጠዋቱ 1 ሰዓት በሚኒባስ መነሳት ይሻላል፤ ረፋዱ ላይ ጉሙ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ሊሸፍነው ይችላል። በመስኮት በኩል መቀመጥ፣ ማስታወሻ መያዝ፣ መኪናው ማርሽ የቀነሰበትን ሁሉ ነጥብ ማድረግ። የዳገት ካርታ የሚሠራው በጆሮ ጭምር ነው።

የዚህ ቀን ትምህርት ከአምስቱ ሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ በቀስታ።

የአገራችን የ1፡50,000 ካርታ የከፍታ መስመሮች፣ ማለትም እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች የሚያገናኙት መስመሮች፣ በየ20 ሜትሩ ናቸው። ለተሳፋሪ አውቶቡስ የሚመች ዳገት ከመቶ ስምንት ይሁን ብንል፣ 20 ሜትር ለመውጣት 250 ሜትር መሄድ ያስፈልጋል። በ1፡10,000 ወረቀት ያ 2.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ኮምፓሱን 2.5 ሴንቲ ሜትር ከፍቶ አንዱን ሹል ታችኛው የከፍታ መስመር ላይ መትከል፣ ሌላውን ጫፍ ቀጣዩ መስመር እስኪነካ ማዞር፤ የነካበት ነጥብ መንገዱ የሚያልፍበት ነው። ከዚያ ነጥብ እንደገና። መስመሮቹ ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተራራቁ መሬቱ ረጋ ያለ ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሂድ። ከተጠጋጉ ግን ኮምፓሱ ወደ ጎን ያጋድላል፣ መንገዱም ተራራውን በአግድም መቁረጥ ይጀምራል። ይህን ቀጥታ ከመሬቱ የተወሰደ መስመር ማንም በእጁ ሞገድ እያደረገ ሊመስለው አይችልም።

ላይ ጉም በር ከታችኛዋ 300 ሜትር ከፍ ትበል። 15 የከፍታ መስመር ማለት ነው፤ 15 ጊዜ 2.5፣ 37.5 ሴንቲ ሜትር መንገድ። የተራራው ፊት በወረቀቱ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ መንገዱ የፊቱን ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ መታጠፍ ግዴታ ይሆንበታል። ጠመዝማዛ ለውበት አይሳልም፤ ሲሰላ ይመጣል።

እዚህ ላይ የሚበላሹ ነገሮች ሦስት ናቸው። አንደኛው መታጠፊያው ነው፦ አውቶቡስ ለመዞር 15 ሜትር ገደማ ራዲየስ ስለሚፈልግ በወረቀቱ ላይ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከዚያ አያንስ። መታጠፊያው ላይ የከፍታ መስመር መሻገርም አይቻልም፤ መኪና በኩርባ ላይ ዳገት ከተጨመረበት ይቸገራል። ሁለተኛው፣ የጠመዝማዛው መንገድ ላይኛውና ታችኛው እግር ሲጠጋጉ ነው። በመካከላቸው ቢያንስ አንድ የከፍታ መስመር ከሌለ አንዱ በሌላው ላይ ይናዳል። ሦስተኛው ገባር ሸለቆ ነው፤ መንገድ ሸለቆ ሲያገኝ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ ጠባቡ ላይ ተሻግሮ፣ በሌላው በኩል ይወጣል። ድልድይ ቀጥ ብሎ አየር ላይ የሚዘረጋለት የሚከፍልለት ሲኖር ብቻ ነው።

ባቡር ሌላ ሕግ አለው። ከመቶ ሁለት ዳገት ለባቡር ብዙ ነው፤ ኮምፓሱ 10 ሴንቲ ሜትር ይከፈት። 300 ሜትር ለመውጣት 15 ኪሎ ሜትር ሐዲድ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው ሐዲድ ደሴን ሳይወጣ ያለፈበት ምክንያት ከዚህ ኮምፓስ ይገባል። በጉም በርም የባቡር ጣቢያው ታች ነው፤ ላይኛዎቹ በአውቶቡስ ይወርዱለታል። ይህ ለከተማዋ ጉዳት አይደለም፤ ባሕርይ ነው። የጣቢያው ሰፈርና የላዩ ሰፈር ሁለት ዓይነት ሰው፣ ሁለት ዓይነት ሰዓት ይኖራቸዋል።

አውቶቡስ ለማይወጣው ገደል የገመድ መኪና አለ። የኮሎምቢያዋ ሜዴሊን እ.ኤ.አ. በ2004፣ የቦሊቪያዋ ላ ፓዝ በ2014 የሕዝብ ማመላለሻ አድርገውታል። በካርታ ላይ ግን ገመድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ስለሆነ ሰነፍ ያደርጋል። አንድ ብቻ፣ ያውም መንገዱ ተሰልቶ ካለቀ በኋላ ይፈቀድ።

ሰኞ፣ ደሴ

ሰኞ የተመረጠው በምክንያት ነው። በደሴ ሰኞ ገበያ የሚባል ሰፈር አለ፤ ስሙ ቀኑን ይዟል።

የደሴ የቦታ ስሞች ለካርታ ሠሪ ትምህርት ቤት ናቸው። ቧንቧ ውሃ በውሃው፣ መናፈሻ በተሠራለት ጉዳይ፣ ሸዋ በር በሚያደርስበት አቅጣጫ፣ አይጠየፍ በንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ተጠርተዋል። በዙሪያዋ ዶሮ መዝለያም አለ፤ የመሬቱን ጥበት በሁለት ቃል የጨረሰ ስም። ለሐሳብ ከተማ ስም ሲወጣ ከእነዚህ ምድቦች በየተራ መውሰድ ነው፦ ከውሃ ሁለት፣ ከገበያ ቀን አንድ፣ ከበር ሁለት፣ ከዛፍ ሁለት፣ ከታቦት ወይም ከመስጊድ ሁለት፣ ከሥራ አንድ፣ ምክንያቱ ከተረሳ አንድ። ሁሉም ስም ትርጉሙ ግልጽ ከሆነ ከተማዋ ትናንት የተሠራች ትመስላለች። ደሴ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው ይባላል።

በቁጥር የተሰየመ ፌርማታ እዚህ አገር አይሠራም። ረዳቱ የሚጠራው ሰው የሚያውቀውን ነው፤ ተሳፋሪውም «ከመድኃኔዓለም ወረድ ብለህ አውርደኝ» ይላል እንጂ «ሰባተኛው ላይ» አይልም። ስለዚህ ፌርማታ ከመሰየሙ በፊት እዚያ ምን እንዳለ መሳል አለበት። ዛፍም ቢሆን ይበቃል።

ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ከፒያሳ እስከ ገበያው በእግር መሄድ፣ ታክሲና ባጃጅ የሚቆሙበትን ሁሉ ነጥብ ማድረግ። ሜዳ ላይ ሰው በደቂቃ 80 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ አምስት ደቂቃ 400 ሜትር፣ በወረቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር። ይህ የፌርማታ ርቀት ነው። ዳገት ላይ ወደ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ ጀርባዋ ላይ ጭነት ያላት ሴት አምስት ደቂቃ ሙሉ ዳገት አትወጣም። ብዙ የሐሳብ ከተሞች የሚወድቁት እዚህ ነው። ፌርማታዎቻቸው በእኩል ርቀት ስለሚደረደሩ መሬቱ እንደሌለ ይቆጠራል።

ደሴ ረጅምና ጠባብ መሆኗ መስመሩን ያቀልለታል። በአንድ ሸለቆ የተዘረጋች ከተማ አንድ ግንድ መስመርና ከግንዱ ወደ ዳገቱ የሚወጡ አጫጭር ቅርንጫፎች ያስፈልጓታል፤ ግንዱን ሚኒባስና አውቶቡስ፣ ቅርንጫፉን ባጃጅ። ክብ መስመር እዚህ ከንቱ ነው፤ ክብ የሚያምረው ሜዳ ላይ፣ ታች ጉም በር ነው።

የመኪናው ብዛት እንዲህ ይሰላል። ግንዱ 6 ኪሎ ሜትር ይሁን፤ ሲወጣ 30 ደቂቃ፣ ሲወርድ 20፣ በሁለቱም ጫፍ ተራ መጠበቂያ 5 አምስት ደቂቃ፤ ሙሉ ዙሩ 60 ደቂቃ። በየ5 ደቂቃው አንድ እንዲመጣ 12 ሚኒባስ ይበቃል። 12 ሰው የሚጭን ከሆነ በሰዓት በአንድ አቅጣጫ 144 ሰው ነው። በገበያ ቀን ጠዋት ሺህ ሰው ቢመጣ ሰልፉ እስከ ድልድዩ ይደርሳል። 60 ሰው የሚይዝ አውቶቡስ በዚያው ልዩነት 720 ያነሳል። ስለዚህ በካርታው መግለጫ ላይ ለገበያ ቀን ብቻ የሚሠራ የተቆራረጠ መስመር መጨመር ተገቢ ነው። የተቆራረጠ መስመር ያለው ካርታ ሳምንት ያለው ካርታ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። አማርኛ ካርታ የሚለውን ቃል ለሦስት ነገር ይጠቀምበታል፦ ለአገር ሥዕል፣ ለመጫወቻው፣ ለቤትና ቦታ ማረጋገጫው። ደጅ ላይ ሰሌዳ ይዞ የሚያሰምር ሰው ሲታይ መጀመሪያ የሚታሰበው ሦስተኛው ነው፦ መንገድ ሊወጣ ነው፣ ቤት ሊፈርስ ነው። ስለዚህ ከመጠየቅ በፊት ወረቀቱን ማሳየት ይገባል። «እማማ፣ የሌለች ከተማ ናት፣ እዩዋት» ሲባል እናቶች ወንዙን በጣታቸው ተከትለው «ታዲያ ቤተ ክርስቲያኑስ የት አለ? መስጊዱስ?» ይላሉ፤ ጥያቄያቸው ትክክል ስለሆነ እዚያው መጨመር ነው። ሐሳብ የገባቸውን «አብሽሩ፣ ማንንም አይነካም» ማለት ይበቃል። አውሮፕላን ማረፊያ፣ ካምፕና ትልቅ ድልድይ አጠገብ ግን ቆሞ አለመሳል ነው፤ ፎቶም አለማንሳት።

የመጫወቻው ካርታ ደግሞ በእውነት ከዚህ ሥራ ጋር ተገናኝቷል። አሜሪካዊው ጄሪ ግሬትዚንገር እ.ኤ.አ. በ1963 የጀመረው የሐሳብ አገር ካርታ ዛሬ ከሦስት ሺህ በላይ ወረቀቶች ሆኗል፤ በየቀኑ ምን እንደሚለወጥ የሚወስነው ከዘረጋቸው ካርዶች አንዱን በመሳብ ነው። ዘዴው ለጉም በር ይጠቅማል። በ20 ትንንሽ ወረቀቶች ላይ «ድልድይ ተሰበረ»፣ «ገበያው ተዛወረ»፣ «አዲስ ትምህርት ቤት»፣ «መስመሩ ሁለት ፌርማታ ይርዘም» ብሎ መጻፍ፣ በየምሽቱ አንድ መሳብ፣ የወጣውን መታዘዝ። የሰው እጅ የሚወደውን ይደግማል፤ ዕጣ ግን አያደላም።

ማክሰኞ፣ ደሴ፣ ጉም

ጉሙ እስከ ቀትር ስለሚቆይ ይህ የቤት ውስጥ ቀን ነው። ቀለም ማስገባትና የመስመር ሥዕል፣ ማለትም የመጓጓዣ መስመሮቹን ከነፌርማታቸው ብቻ የሚያሳይ ሥዕል።

የካርታው ሽፋኖች ለየብቻ የሚሳሉበትን ስስ ወረቀት እርጥበት ያስረዝመዋል። በ42 ሴንቲ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ቢለጠጥ ላይኛው ሽፋን ከታችኛው ጋር 10 ሜትር ይለያያል። መፍትሔው በአራቱ ማዕዘንና በመሐል ትንንሽ መስቀሎች ማድረግ፣ ሲደራረብ ከመሐሉ መስቀል መጀመር ነው፤ ስሕተቱ ወደ አራቱም ጎን ይከፋፈላል። ቅደም ተከተሉ ውሃ፣ ከፍታ፣ መንገድ፣ ሕንጻ፣ ጽሑፍ ነው። በእርሳስ ግን ጽሑፉ ከሕንጻው በፊት ቦታ ይያዝለት፤ ካልሆነ ስሙ ቤት ላይ ይወጣል።

ፊደላችን ለካርታ ሠሪ የራሱ ጠባይ አለው። ትልቅና ትንሽ ፊደል ስለሌለው የዋና ጣቢያ ስም በመጠንና በውፍረት ብቻ ይለያል፦ ዋናው 4 ሚሊ ሜትር፣ ተራው 3። ከ2.5 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ ጨ እና ጬ ይደፈናሉ፣ ሉ ከሊ አይለይም። ለጽሑፍ የ0.2 ብዕር፣ ቀስ ብሎ። ስም በ45 ዲግሪ ማጋደልም አይመከርም፤ አንገት ያስጣምማል። ስሞቹ በመስመሩ ግራና ቀኝ እየተፈራረቁ አግድም ይጻፉ።

አሁን የመስመር ሥዕሉ። ሃሪ ቤክ የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1931 ንድፉን አውጥቶ በ1933 ሲታተምለት ሁሉንም መስመር ወደ ቀጥታና ወደ 45 ዲግሪ አምጥቶ፣ የፌርማታዎቹን ርቀት አስተካክሎ፣ ከመሬቱ ቴምዝን ብቻ አስቀርቷል። ያ አንድ ወንዝ ባይኖር ኖሮ ሰው አቅጣጫውን ያጣ ነበር። በጉም በር ሥዕል የሚቀረው ወንዙ ሳይሆን ዳገቱ ነው። ወረቀቱ መሐል ላይ አንድ ቀጭን ግራጫ መስመር፣ ከታች «ታች»፣ ከላይ «ላይ»። ተሳፋሪው መጀመሪያ ማወቅ የሚፈልገው ይወጣል ወይስ ይወርዳል የሚለውን ነው።

መስመሩ 3 ሚሊ ሜትር ይወፈር፣ ፌርማታዎቹ ከ10 ሚሊ ሜትር በታች አይጠጋጉ፣ ማጠፊያው በፌርማታ ላይ አይዋል። መጀመሪያ ብዙ ፌርማታ ያለው ግንድ አግድም ይሰመር፣ ሌላው እሱን ይከተል። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን ስላለ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አለማድረግ፣ ወይም አንዱን በነጭ መሐል መስመር መለየት።

ሁለት መስመር አንድ መንገድ ሲጋሩ ጎን ለጎን ይሳላሉ፣ ስሌቱም አብሮ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮቹ ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። እያንዳንዱ በየ6 ደቂቃው ቢመጣ የጋራው ላይ በየ3 ደቂቃው ባቡር ያልፋል ማለት ነው፤ አንዱ ሲዘገይ ሁለቱም ይዘገያሉ። ካርታ ላይ ሦስተኛ መስመር እዚያ መጨመር ቀላል ነው፣ እውነት ለመናገር ግን አይገባም።

ከሰዓት በኋላ ሽፋኖቹ ሲደራረቡ አንድ ሌላ ነገር ይታያል፦ የተሰረዙት መንገዶች በስሱ ወረቀት ስር ይታያሉ። አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ በትልልቅ ሸራዎቿ የከተማ ፕላንና የሕንጻ ንድፍ እየደራረበች የምትሠራው ይህን ነው። የተሰረዘውን ሙሉ በሙሉ አለማጥፋት መልካም ነው። የድሮ መንገድ በቀጭን ግራጫ ቢቀር ለከተማዋ ዕድሜ ይሰጣታል። ፈረንሳዊው ዢል ትሬአን ኡርቪል ለምትባል የሐሳብ ከተማው ከሥዕሉ ጋር ታሪኳን፣ ኢኮኖሚዋንና የሕዝቧን ቁጥር ጽፎላታል፤ የጀመረው በ12 ዓመቱ ነበር።

ረቡዕ፣ ወደ ኮምቦልቻ መልስ

የመጨረሻው ቀን ማረጋገጫ ነው። ቁልቁለቱን ሲወርዱ ሰዓት መያዝ፣ በሐሳብ መስመሩ ላይ ከተጻፈው ጋር ማነጻጸር። ሜዳው ላይ ከደረሱ በኋላ ሥዕሉን ለማያውቅ ሰው መስጠትና አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ፦ «ከባቡር ጣቢያው ወደ ላይኛው ገበያ እንዴት ልሂድ?»። ሰውየው ጣቱን ያለምንም ማመንታት ከመራ ሥዕሉ ይሠራል። ያመነታበት ቦታ ላይ በእርሳስ ነጥብ ማድረግ፤ አብዛኛውን ጊዜ መቀያየሪያ ፌርማታ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሁለት ስም ተጽፎበታል ወይም ክቡ ትንሽ ነው። የመቀያየሪያው ክብ ከመስመሩ ውፍረት ሁለት እጥፍ፣ 6 ሚሊ ሜትር ይሁን። አምስት ሰው ጠይቆ ሦስቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ያንን ቦታ እንደገና መሳል እንጂ ማብራሪያ መጨመር አይረዳም።

ለመሄድ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያለው ይመረጣል፤ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ጦሳ ከሩቅ ይታያል። በሐምሌና ነሐሴ ወረቀት ይዞ መሄድ አይሆንም፤ በሚያዝያም የበልግ ዝናብ ሊመጣ ስለሚችል ሽፋን ያስፈልጋል። ወረቀቶቹ በቱቦ ተጠቅልለው ሲመለሱ ቀለም ያለበት ፊት ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከተጠቀለለ ሲዘረጋ ቀለሙ ሊሰነጠቅ ይችላል።